አንድ ግቢ፣ ሁለት ዕጣ፦ የአንድ ትንሽ የኪራይ ቤት ዋጋ በስድሳ ዓመት ውስጥ

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ ቤት ዋጋ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ዛሬ በየሰፈሩ ካሬ ሜትሩ ስንት እንደሚጠየቅ እነግራችኋለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ንብረት በመገመት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን የዛሬ ዋጋ ብቻውን ስለ አንድ ቤት የሚናገረው እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። የቤት ነገር የሚገባው በረጅም ጊዜ ሲታይ ነው፤ ሠሪው አርጅቶ፣ ወራሹ ጎልምሶ፣ ሕጉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለውጦ፣ ብሩም የመግዛት አቅሙን ቀይሮ ሲታይ ነው። ስለዚህ የከተማዋን ገበያ በጅምላ ከማውራት ይልቅ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን አንድ ግቢ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ግቢው ጉለሌ ውስጥ ነው፤ የአክስቴ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከመንገዱ በኩል እርሳቸው ይኖሩበት የነበረው ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለ፤ ከጓሮ ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ አራት የኪራይ ክፍሎች አሉ። ሁለቱም በ1956 ዓ.ም. በአንድ አናጢ እጅ፣ በአንድ ጭነት በመጣ ባሕር ዛፍ፣ ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተሠሩ ናቸው። ክፍሎቹም በስፋት እኩል ናቸው። ዛሬ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት ከአራት እርምጃ አይበልጥም፤ ሆኖም የፊተኛው በሚሊዮኖች ብር የሚጠየቅበት ንብረት ሲሆን፣ የኋለኛው በየትኛውም ገበያ ላይ ዋጋ ሊቆረጥለት የማይችል ቤት ነው።

እንግዲህ ግንበኛው አንድ፣ ጭቃው አንድ፣ ዕድሜውም አንድ ከሆነ ይህን ልዩነት ያመጣው ግድግዳው ሊሆን አይችልም። እኛ የቤት ዋጋ ስንል በዓይናችን የምናየውን ግድግዳና ጣሪያ የምንገምት ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ላለፉት ስድሳ ዓመታት በከተማችን የትንሽ ቤትን ዋጋ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረው ቤቱ የቆመበት ቦታና፣ ከቦታውም ይልቅ፣ ያንን ቦታ የመያዝ፣ የማከራየት፣ የመሸጥና የማውረስ መብት ለማንና በምን ዓይነት ወረቀት እንደተሰጠ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

ከግድግዳው ልጀምር። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ተራ ቤት ማለት የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ የጭቃ ምርጊትና የቆርቆሮ ክዳን ማለት ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ያለው ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረው የቋሚው ጫፍ በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባበታል፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ደግሞ የግድግዳውን ግርጌ እየመታ ምርጊቱን ያራግፋል። ሰው በተለምዶ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ይደነግጣል፤ ጣሪያ ግን በአንድ ቀን የሚቀየር ነገር ነው። ቤቱን የሚያድነው በግድግዳው ዙሪያ የተቆፈረ ቦይ፣ ከሥሩ የገባ የድንጋይ መሠረትና በየዓመቱ ከክረምት በኋላ የሚታደስ ምርጊት ነው። አክስቴ ይህን የነገራቸው መሐንዲስ አልነበረም፤ ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ሲዘም አይተው የተማሩት ነው። መስከረም ሲጠባ መጀመሪያ የሚያስመረጉት የግድግዳውን ግርጌ ነበር። ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ አስቀየሩ፣ የቋሚዎቹን እግር እየቆረጡ በድንጋይ ላይ አስቆሙ፣ ወለሉን ሊሾ አስደረጉ። ከ1956 ዓ.ም. ቤት ዛሬ የቀረው ቅርጹና የመሃል ምሰሶው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በግምት ሥራ ላይ የእንጨትና ጭቃ ቤት ዕድሜ አጭር ተደርጎ ይያዛል፤ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይደረግበትና ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ የግድግዳው ዋጋ ወደ ምንም ይጠጋል። ይህ አሠራር ስህተት ነው አልልም። ነገር ግን እርጅና የጊዜ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አደራ እላለሁ፤ አንድ ቤት የሚያረጅበት ፍጥነት የሚወሰነው ለጥገናው ገንዘብ የማውጣት ምክንያት ያለው ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። የጓሮው ቤት ታሪክ የሚያሳየውም ይኸንኑ ነው።

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አክስቴ አራቱን ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በወር 12 ብር ያከራዩ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የባንክ ምንዛሪ አንድ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ስለነበር፣ የአንዱ ክፍል ኪራይ ወደ 5 ዶላር ይጠጋል። ተከራዮቹ የቀን ሠራተኞችና ከገጠር የመጡ ወጣት ባልና ሚስቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የከተማዋ መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪም የሚኖረው በኪራይ ነው። እንደ አክስቴ ያለች፣ ጠላ ጠምቃ ባጠራቀመችው ገንዘብ ቦታ ገዝታ አራት ክፍል የሠራች ሴት ከባለርስቶቹ ጋር አንድ ስም ሊሰጣት የሚገባ አልነበረችም፤ ሕጉ ሲመጣ ግን «ባለ ትርፍ ቤት» የሚለው ስም ሁሉንም በአንድነት ጠቀለላቸው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። አዋጁ የከተማን መሬት በሙሉ ያለ ካሳ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ፤ ከዚያ የተረፈውን ቤት ወሰደ፤ በግለሰቦች መካከል ቤት ማከራየትንም ከለከለ። እስከ 300 ብር የሚደርሱ ኪራዮች ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሱ፤ ኪራዩ ዝቅ ባለ መጠን ቅናሹ ከፍ ያለ ነበር። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች አስተዳደር ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ሲሰጥ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለተወሰዱ ቤቶች ካሳ እንደሚከፈል በአዋጁ ተጽፏል፤ ከኪራይ ሌላ ምንም መተዳደሪያ ላልነበራቸውም ወርኃዊ ክፍያ ታስቦ ነበር። አክስቴ ጠላ የሚጠምቁ በመሆናቸው ይህ አልደረሳቸውም፤ ካሳውንም ሳያዩት ኖረው አረፉ።

ስለዚህ በአንድ ቀን የጓሮው ቤት ኪራይ ከ12 ብር ወደ 6 ብር ወረደ፤ ተቀባዩም ቀበሌ ሆነ። ግቢው ግን በአጥር አልተከፈለም። አክስቴ በየቀኑ የገዛ እጃቸውን ሥራ እያዩ፣ ከትናንት ተከራዮቻቸው ጋር አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት እየተጋሩ ኖሩ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። በቤተሰባችን ውስጥ ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚነሳው የደረሰብን በደል ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከጓሮው ልጆች ጋር አብሬ ያደግሁ እንደመሆኔ፣ ያ 6 ብር ለአራት ቤተሰቦች ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ከመካከላቸው አስተማሪ፣ ነርስ፣ የመኪና ጥገና ባለሙያ ወጥቷል። ከአባታቸው ደመወዝ ላይ ኪራይ በየዓመቱ ሲጨመር ቢኖር ኖሮ እነዚያ ልጆች ትምህርታቸውን ይጨርሱ እንደነበር እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም።

የዚህ ዋጋ ግን በሌላ በኩል ተከፍሏል። ያ የ6 ብር ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እዚያው 6 ብር ላይ ቆመ። በ1967 ዓ.ም. በባንክ ምንዛሪ 2 ብር ከ7 ሳንቲም አንድ ዶላር ነበርና 6 ብር ወደ 3 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. አንድ ዶላር ወደ 50 ብር በደረሰበት ጊዜ ያው 6 ብር 12 የአሜሪካ ሳንቲም ሆኗል። ከአራት ክፍል በወር 24 ብር የሚሰበስብ አካል በዚያ ገንዘብ አንድ ቆርቆሮ እንኳ ገዝቶ ሊመታ አይችልም። ተከራዩም በበኩሉ፣ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነና ያወጣው ወጪ እንደሚታሰብለት ማረጋገጫ ስለሌለው፣ ግድግዳው ሲዘም በድጋፍ እንጨት ከማቆም ያለፈ ነገር ለማድረግ ይፈራል፤ ለማደስ ቢፈልግም ፈቃድ ማግኘት አለበት። አከራዩ ለመጠገን አቅም፣ ተከራዩ ለመጠገን ምክንያት ባጡበት ሁኔታ ቤቱ እግሩ እየበሰበሰ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. ከፊተኛው ቤት ጋር እኩል የነበረ ግድግዳ በ1990ዎቹ በሦስት ቦታ ተደግፎ የቆመ ሆነ።

ሆኖም የጓሮው ቤት ዋጋ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ። ከአክስቴ እጅ የወጣው ዋጋ በተከራዩ የመኖር መብት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ ነገር ግን በከተማ መሃል በጥቂት ብር የመኖር መብቱን ልጆቹ አብረውት እየኖሩ ይቀጥሉበታል፤ ቦታው ለልማት ሲፈለግም ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት የማግኘት ዕድል አለው። በግል ገበያው ለአንድ ተመሳሳይ ክፍል ከ2,000 ብር በላይ በሚከፈልበት ዘመን 6 ብር የሚከፍል ቤተሰብ ልዩነቱን በየወሩ እንደሚያገኝ ሀብት አድርጎ መቁጠር ይገባዋል። በግምት ሰነዶቻችን ላይ ይህ ሀብት የሚጻፍበት ዓምድ የለም፤ ለዚህም ነው ሰፈር በሚነሳበት ጊዜ የሰዎችን ጉዳት አሳንሰን የምናየው።

አሁን ወደ ፊተኛው ቤት ልመለስ። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የፊተኛው ቤት የኪራይ ዋጋ በሕግ ዜሮ ነበር ማለት ይቻላል። ሦስት ክፍል ያለው ሰው አንዱን ማከራየት አይችልም፤ ዘመድ ነው፣ ደባል ነው እየተባለ በፍርሃት ከሚደረገው በቀር። ቤት እንጀራ የሚያመጣ መሆኑ ቀርቶ መጠለያ ብቻ ሆነ። ሁኔታው መላላት የጀመረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላም የግል ኪራይ እንደገና በይፋ የሚሠራበት ሆነ። መሬቱ ግን አልተመለሰም። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ፣ ማለትም የከተማ ቦታን ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ የመያዝ፣ አዋጅ ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቶ፣ በመሬት ላይ የሚሠራውን ቤት ግን የሠሪው የግል ንብረት አደረገ። በዚህ መካከል እንደ አክስቴ ያሉ ሰዎች «ነባር ይዞታ» የሚባለውን ያዙ። ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ቦታው የመንግሥት ነው፤ ገበያው ግን ሁለቱን ለይቶ አያውቅም።

አክስቴ ለመንገዱ ቅርብ የሆነችውን ክፍል በ1985 ዓ.ም. በ40 ብር አከራዩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኪራይ በተቀበሉ ቁጥር በልጆች ደብተር ላይ ይጽፉ ነበርና ደብተሩ ዛሬ እኔ ዘንድ ይገኛል። በ1994 ዓ.ም. 150 ብር፣ በ2003 ዓ.ም. 600 ብር፣ በ2014 ዓ.ም. 2,500 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 4,500 ብር ይላል፤ የመጨረሻውን የጻፈችው ልጃቸው ናት። ይህን የሚያይ ሰው በ32 ዓመት ውስጥ ኪራዩ ከመቶ እጥፍ በላይ አደገ ይላል። በየጊዜው በነበረው የባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር ስመልሰው ግን የማገኘው ሌላ ነው። 40 ብር፣ መስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ከወጣ በኋላ፣ 8 ዶላር ነበር፤ 150 ብር ወደ 18፣ 600 ብር ወደ 36፣ 2,500 ብር ወደ 50 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከመቶ ብር በላይ ስለሄደ፣ 4,500 ብር ተመልሶ ወደ 36 ዶላር ይወርዳል። በብር ስናየው በሦስት ዓመት ውስጥ በ80 በመቶ ያደገው ኪራይ፣ በዶላር ሲታይ ከሩብ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። አብዛኞቻችን የምንኖረው በዶላር ስላልሆነ ይህ ስሌት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ አክስቴ ራሳቸው የሚለኩት በጤፍ ነበር፣ የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል በማለት። ዘዴው ትክክለኛ ነው፤ ቤት የሚያከራይ ሰው ሁሉ ኪራዩን ከብር ሌላ በሆነ አንድ ነገር ቢለካ በቁጥር አይታለልም።

ሀብትን በቤት መልክ ማስቀመጥ ለምን እንደዚህ የተወደደ ሆነ ቢባል፣ መልሱ ሌላው መጠራቀሚያ ሁሉ ባዶ እየሆነ መምጣቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም.ም ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በዚያው በ2014 ዓ.ም. በባንክ የቁጠባ ሂሳብ ዝቅተኛው ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። የፊተኛው ቤት በሙሉ፣ በጎኑ የተጨመሩትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ይዞ፣ በወር 18,000 ብር ያስገባል እንበል፤ በ9 ሚሊዮን ብር ይሸጣል ብለንም እናስብ። ይህ ለስሌት እንዲመቸን የወሰድነው ቁጥር ነው። የዓመቱ ኪራይ 216,000 ብር ስለሚሆን ከዋጋው 2.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ጥገናው፣ ግብሩና ክፍሉ ባዶ የሚቆይባቸው ወራት ሲቀነሱ 2 በመቶም አይሞላም። ገንዘቡ በባንክ ቢቀመጥ በዚያ በ7 በመቶ ወለድ 630,000 ብር ያስገኛል። ታዲያ ሰው ለምን 9 ሚሊዮን ከፍሎ ይገዛዋል? የሚገዛው ኪራዩን ስላልሆነ ነው። የሚገዛው ነገ ዋጋው ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ እንደሚነሳ ያለውን ተስፋ፣ ቦታውን የመያዝ መብቱንና ፎቅ የመሥራት ዕድሉን ነው። ጭቃው ቤት በዚህ ዋጋ ውስጥ ያለው ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አንዳንድ ገዢ እንዲያውም ለማፍረሻ የሚወጣውን ወጪ ከዋጋው ቀንስልኝ ይላል።

ቦታው ዋጋ ያገኘው እንዴት ነው ከተባለ፣ አክስቴ ምንም ሳያደርጉ ነው ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ከ2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የከተማው ዳርቻ እየራቀ ሲሄድ ትናንት ዳር የነበረው ሰፈር መሃል ሆነ፤ አስፋልት ቀረበ፣ የውስጡ መንገድ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ኮብልስቶን ተነጠፈበት፣ ታክሲ ደጃፍ ድረስ መጣ። ይህን ሁሉ የሠራው ሕዝቡና መንግሥቱ ሆኖ ሳለ ዋጋው የሚታየው በፊተኛው ቤት ላይ ብቻ ነው፤ የጓሮው ቤት በዚያው ኮብልስቶን ላይ እየተወጣና እየተገባ አንድ ሳንቲም ዋጋ አልጨመረም። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ሊከራይ የሚችል ቤት ሰጠ፤ የእርሱ ነገር ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚፈልግ አልገባበትም።

ወረቀቱ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሰዎች ገንዘብ ሲያጡ ያየሁት በግድግዳ ሳይሆን በወረቀት ነውና። የመጀመሪያው ነገር ያለ ግንባታ ፈቃድ የተጨመሩ ክፍሎች ጉዳይ ነው። በግቢያችን ያሉት ሁለቱ ሰርቪስ ክፍሎች በ1998 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። በየወሩ ኪራይ ያስገባሉ፣ ነገር ግን ባንክ ለመያዣ ሲገምት አይቆጥራቸውም፤ ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም ለካሳ የሚቀርበው በሕጋዊ መንገድ የተሠራው ነው። ባለቤቱ በኪራይ የሚያየው ዋጋ በሰነድ ላይ የለም። ሁለተኛው በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በማንኛውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ሥሪት ይይዛል። እንግዲህ ያው ቤት ለልጅ ሲወርስ አንድ ዓይነት መብት፣ ለጎረቤት ሲሸጥ ሌላ ዓይነት መብት ይሆናል፤ ገዢም ይህን ወጪ አስቦ ዋጋ ይሰጣል። ሦስተኛው የካሳ ሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለቤት የሚከፈለውን ካሳ ቤቱን ዛሬ መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ላይ የሚመሠርት ነው። በገበያ ላይ ዘጠኝ አሥረኛው ዋጋ የቦታው በሆነበት የጭቃ ቤት፣ ካሳ የሚታሰበው ግን በግድግዳው ነው። ምትክ ቦታ ወይም ቤት መስጠት ይህን ልዩነት ለማጥበብ የታሰበ ነው፤ ቢሆንም የምትኩ ሰፈር ርቀት የኪራይ ገቢን እንደሚለውጥ ከሥራዬ አውቃለሁ። ከመሃል ከተማ ተነሥተው ዳር የሄዱና በኪራይ ይተዳደሩ የነበሩ እናቶች አዲሱ ቤታቸው ከአሮጌው የተሻለ ሆኖ ሳለ ተከራይ አጥተው ሲቸገሩ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ይህን ስመለከት ልቤ አዝኗል።

የኪራይ ሕጉም ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለተወሰኑ ወራት የኪራይ ጭማሪንና ተከራይ ማስወጣትን ከልክሎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም፣ ውሉ መመዝገብ አለበት፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ አምጣ የተባለ ወጣት ደመወዝተኛ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ለምናውቅ ሰዎች አዋጁ የሚያስፈልግ ነበር፤ ይህን ያለ ማመንታት እናገራለሁ። የማሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚፈቀደው ዓመታዊ ጭማሪ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ዋጋ ወደ ኋላ እየቀረ ከሄደ፣ የጓሮው ቤት ታሪክ በፊተኛው ቤት ላይ ይደገማል። በጓሮው ቤት ላይ ጉዳቱ ታይቶ የሚታወቅ እስኪሆን ሃያ ዓመት ያህል ወስዷል፤ የበሰበሰ ቋሚ ከውጭ አይታይምና። ስለዚህ ጭማሪውን የሚወስኑ ሰዎች የተከራዩን ደመወዝና የጥገናን ዋጋ ሁለቱንም በየዓመቱ ጎን ለጎን አስቀምጠው ማየት አለባቸው። አከራዮችም በበኩላችሁ ከዓመቱ ኪራይ የአንድ ወር ተኩሉን ያህል ለጥገና ለይታችሁ ካላስቀመጣችሁ የምትበሉት ኪራዩን ሳይሆን ቤቱን መሆኑን እወቁት።

አክስቴ ሲያርፉ አራት ልጆች ወረሱ፤ ሁለቱ እዚህ፣ ሁለቱ አሜሪካ ናቸው። አሜሪካ ያሉት ዜግነት የለወጡ ቢሆኑም በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሕግ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በኢትዮጵያ ቤት እንዲይዙ ስለሚፈቅድ መብታቸው አልጠበበም። አለመግባባቱ የመጣው ከመለኪያው ነው። አሜሪካ ያሉት በዶላር ስለሚያስቡ ከ2016 ዓ.ም. በኋላ ቤቱ ረከሰ፣ ሳይብስ እንሽጠው አሉ፤ እዚህ ያሉት በብር ስለሚያስቡ ቤቱ ተወደደ፣ ገና ይወደዳል፣ እንቆይ አሉ። ሁለቱም ወገን ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ይከራከር ነበር። እኔም እንደ ባለሙያ ተጠርቼ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ቁጥር ማቅረብ ሳይሆን፣ አንዱ የሌላውን ሚዛን እንዲያይ ማድረግ ሆነ። የወረሱት ይዞታ በውርስ ስለተላለፈ ነባርነቱን እንደያዘ ነው፤ ከሸጡ ግን ገዢው በሊዝ እንደሚይዝና ያም ከዋጋው ላይ እንደሚቀነስ ሲረዱ፣ ለጊዜው ሳይሸጡ ኪራዩን ሊካፈሉ ተስማሙ። ውሉ ተመዘገበ፣ ኪራዩ በባንክ ይገባል፣ ለጥገና የሚቀመጠውም በአራቱም ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው።

ባለፈው ክረምት የጓሮው ቤት ጣሪያ ውሃ ወደ ፊተኛው ቤት ጀርባ መውረድ ጀመረ። የጓሮው ቆርቆሮ ዝጎ ጠርዙ ስለተቆረጠ፣ ዝናቡ የሚያርፈው አክስቴ በየመስከረሙ ያስመርጉት በነበረው ግርጌ ላይ ነው። የራሳችንን ግድግዳ ለማዳን የማናዝበት ጣሪያ መጠገን ነበረበት። ከወረዳው ፈቃድ ጠየቅን፤ ወራሾቹ 14 ቆርቆሮና ምስማር ገዙ፣ የጓሮው ቤት ልጆች፣ ዛሬ ራሳቸው አባቶች የሆኑት፣ በሁለት ቅዳሜ አፍርሰው መቱት፣ ቦዩንም ከጓሮ እስከ መንገድ አንድ አድርገው ቆፈሩት። ወጪውን ደብተሩ ላይ ስጽፍ በየትኛው ቤት ስም እንደማስገባው ቸግሮኝ ነበር፤ በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ መስመር ላይ «የግቢው» ብዬ ጻፍኩት።